የሽመላ የመጨረሻ ገጽ

መቶ አለቃ ፈንታሁን የካፖርቱን ቁልፍ እየተከለ ነበር። መርፌውን አሾልኮ፣ ክሩን ስቦ፣ በጥርሱ በጥሶ ጨረስኩ ሲል ቋጠሮው ላላና ቁልፏ ጭኑ ላይ ወደቀች። ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ ግን የታኅሣሥ ንፋስ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ቁልቁል እየወረደ የጣቢያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። የክሩን ጫፍ በምራቁ አሹሎ እንደገና ሊጀምር ሲል፣ አስር አለቃ ሐድጉ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«ከመይ ሓዲርኩም፣ ጌታዬ። ሰው ተገድሏል።»

«ማን?»

«አስናቀ፤ ማመልከቻ ጸሐፊው። ያ ባሕረኛ የነበረው። ገዳዩ ግን ተይዟል።» ሐድጉ በጣቱ ወደ እስር ክፍሉ አመለከተ። «ጀላሉ ነው፤ ጨው ተሸካሚው። ትናንት በሰኞ ገበያ ሰው ፊት ተጣልተው ነበር። ዛሬ ማለዳ ከሱቁ ሲወጣ ታይቷል። ሟች የተመታው ደግሞ በአሞሌ ጨው ነው። ሻለቃው ‹ነገ ጠዋት በሚሄደው መኪና ለፍርድ ይላክ፤ መቶ አለቃ ወረቀቱን ይጻፍ› ብለዋል።»

«እኔ ወረቀቱን ብቻ ልጽፍ?»

«ሌላማ ምን ቀረ ብለው ነው፣ ጌታዬ? በነፍስ ግድያ የሄደ ሰው መቼም አይመለስ።»

ፈንታሁን ቁልፏን በኪሱ ከተተ፤ መርፌውን ከነክሩ ካፖርቱ ደረት ላይ ሰካ። «እንግዲያው የማይመለስ ነገር ከመጻፌ በፊት ልየው» አለና ተነሳ።

የአስናቀ ሱቅ ከገበያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ወረቀትና ቀለም ይሸጥባታል፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻ ይጽፍባታል። አስናቀ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቋል። ማጅራቱ ላይ ጨው እንደ አመዳይ ነጥቷል፤ አጠገቡ ለሁለት የተሰበረ አሞሌ አለ። ወንበሩ አልተገለበጠም፤ ቀለሙ አልፈሰሰም። የመታው ሰው እንግዳ ቢሆን ኖሮ ሟች ጀርባውን ባልሰጠው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ በጥቁር ክር የተሰፋ ደብተር ተከፍቷል። ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ።

«ይህ የሽመላ የአገልግሎት ታሪክ ነው። ሽመላ ብለን የሰየምናት እኛ ነን፤ እግሯን ባሕር ውስጥ ነክራ ቀስ ብላ ስለምትሄድ። ከጦርነቱ በፊት በሰሜን ባሕር ዓሣ ታጠምድ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መረቧን አውርደው የብረት ገመድ ሰጧት፤ ፈንጂ አጥማጅ አደረጓት። ጣልያን ምጽዋን ለቆ ሲወጣ ባሕሩን በፈንጂ ዘርቶት ሄዶ ነበርና፣ በሰኔ 1933 እርሷ መጣች፤ እኛም ተቀጠርን። በአሥራ ሰባት ወር አርባ አንድ ፈንጂ ጠረግን። አርባ ሁለተኛው እርሷን ጠረጋት።»

ገጽ ከገጽ ገለበጠ። እያንዳንዱ ቀን፣ የተጠረገው ውኃ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የተጎዳው ሰው ስም ተጽፏል። ኅዳር 11 ቀን 1935 ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ቆመ። ቀጣዩ ቅጠል ከነሥሩ ተቀዷል።

የሟች ሚስት የትምወርቅ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ገና አልመጣም። የቁርሱን ሳህን እስካሁን በእጇ ይዛለች።

«ወይዘሮ የትምወርቅ፣ መጀመሪያ የደረስሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለመጻፍ ወጣ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁርሱን ይዤ መጣሁ። በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ከውጭ ተሸጉሮ። ሌላ ቦታ ሄዷል ብዬ ልመለስ ነበር፤ ሳህኑን ላስቀምጥለት ብዬ ከፈትኩት።»

«ለምን ልትመለሺ?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ያ በር ተዘግቶ አይቼው አላውቅማ! እሱ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ በብርዱም በአቧራውም። ያ አሞሌ እኮ የበሩ መደገፊያ ነው። ‹ከጎረቤት ውሻ ጋር ነው ያገባሁት› እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ ገብቶ ከእግሩ ሥር ይተኛ ነበርና።»

ፈንታሁን የተሰበረውን አሞሌ መለስ ብሎ አየው። ገዳዩ መሣሪያ ይዞ አልመጣም ማለት ነው። ከደጁ ያገኘውን አነሳ።

«ጠላት ነበረው?»

«ደብተሩ ነው ጠላቱ። እሑድ የሽመላን ሰዎች ሰብስቦ ሊያነብላቸው ነበር። ሦስት ናቸው እዚህ ያሉት፤ ጀላሉ፣ አቶ ሐቢብና ታመነ። ቅዳሜ ከምጽዋ ደብዳቤ መጣለትና ተክዞ ዋለ። ትናንት ማታ፣ ‹ለአንድ ሰው ከእኔ ቀድሞ እንዲናገር ዕድል ሰጥቼዋለሁ› አለኝ።»

«ለማን?»

«ጠየቅኩት። ‹እሑድ ትሰሚዋለሽ› አለ።» ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ያኔ እንባዋ መጣ።

በእስር ክፍሉ ውስጥ ጀላሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ በቃጠሎ ጠባሳ የተሸበሸበ የወሎ ሰው ነው። ሐድጉ በሩን ከኋላቸው ሊዘጋ ሲል እስረኛው ተንደረደረ።

«በአላህ ይሁንብህ፣ ጌታዬ! ካቴና ጨምርልኝ፣ እግሬን እሰረው። በሩን ግን አትዝጋው።»

«ልታመልጥ ነው?» አለ ሐድጉ።

«ሁለት ሰው ይቁምበት! ሦስት ይቁምበት! ክፍት ይሁን ብቻ።» ግንባሩ በብርዱ ውስጥ አልቦታል።

ፈንታሁን ለሐድጉ ራሱን ነቀነቀ፤ በሩ ክፍት ቀረ። ጀላሉ ተንፍሶ ተቀመጠ።

«ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«ደብተሩ። እሳት ክፍል ነበር ሥራዬ፤ ከሰል እጨምራለሁ። አንድ ቀን ፈንጂ ቀርቦ ፈነዳና መርከቧ ስትንዘፈዘፍ አካፋዬን ጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። ሌላው ሰው ሥራዬን ሠራልኝ። ይህንን ጻፈው። ‹ቅደደው› አልኩት፤ ‹የሆነውን ነው የምጽፈው› አለኝ። ‹እንግዲያው አንተንም እቀድሃለሁ› አልኩ። አልኩ፤ ምላሴ ይቆረጥ።»

«ዛሬስ ለምን ሄድክ?»

«ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እሱ በማግስቱ ወደ እሳቱ መመለሴንም ጽፏል እኮ። ማለዳ ሄጄ ‹ይቅር በለኝ› አልኩት፤ ተቃቅፈን ተለያየን። እጄ የነጣው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከመቀሌ ተሸካሚ እጁ ያልነጣ ማን አለ?»

«ስትወጣ በሩን ዘጋኸው?»

ጀላሉ ጥያቄው እንዳልገባው ሰው አፍጥጦ አየው። «በር? እኔ? እንዴት ተደርጎ!»

አቶ ሐቢብ ከገበያው ማዶ ጨርቅ ይሸጣል። ቀልደኛ፣ ወፍራም፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የጎደሉ ነጋዴ ነው። የሱቁ በር በአንድ ጥቅል አቡጀዲ ተደግፎ ወለል ብሏል፤ ንፋሱ የተሰቀለውን ጨርቅ ሁሉ ያውለበልበዋል።

«ግባ፣ መቶ አለቃ፣ ግባ! ቁልፍህ ወልቋል። አዲስ ካፖርት ልሽጥልህ ወይስ ልታስረኝ ነው የመጣኸው?»

«ገና አልወሰንኩም። ጣትዎን ምን ነካው፣ አቶ ሐቢብ?»

«ፈንጂ ነዋ። አገር ያወቀው ነው።»

ፈንታሁን ዓይኑን ከጎደሉት ጣቶች አልነቀለም። ነጋዴው ወደ ደጅ አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደብተሩን አንብበሃል ለካ። እሺ። ገመድ መጠቅለያው ማሽን ነው የበላኝ። እያንቀላፋሁ። ለሚስቶቼ ፈንጂ ነው ብያለሁ። አስናቀን ‹አንዲት መስመር እለፋት› ብዬ ለምኜዋለሁ፤ እምቢ አለ። ታዲያ ለሁለት ጣት ብዬ ሰው የምገድል ይመስልሃል?»

«ዛሬ ማለዳ አላዩትም?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ አለፍኩ፤ በሩ ተዘግቷል። የለም ብዬ ሄድኩ።»

«አላንኳኩም?»

«የሽመላ ሰው በተዘጋ በር ውስጥ አይገኝም፣ ወንድሜ።» ሐቢብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አኮሳተረ። «ፈንጂ ሲፈነዳ መርከብ ይጣመማል። በር ተዘግቶ ከሆነ መቃኑ ይነክሰዋል፤ አይከፈትም፤ ከነነፍስህ ትሰምጣለህ። ስለዚህ በሩ ሁሉ በመንጠቆ ተከፍቶ ይያዛል። ስንጠርግ ደግሞ ከእሳት ክፍሉ ሰዎች በቀር ታች የሚቀር የለም፤ ታማሚም ቢሆን ላይ ይተኛል። አለቃችን ከዳቦ በፊት ያስተማረን ይህንን ነው። ይኸው አራት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሚስቶቼ በተራ ይጉረመርማሉ፣ እኔ ግን በተዘጋ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ታመነስ?»

«ታመነ እኛ ከወጣን በኋላ ነው የገባው። እኔ በሚያዝያ ወጣሁ፤ ጀላሉ በነሐሴ ተቃጥሎ ወጣ፤ አስናቀ ከጥቅምት ጀምሮ ምጽዋ ሆስፒታል በወባ ተኝቶ ነበር፣ ሽመላ እስክትሰምጥ ድረስ። ታመነ ግን በመጨረሻዋ ቀን እዚያው ነበር። ስለዚያ ቀን ከእኛ ጋር ማውራት አይወድም። ያየ ሰው እንዲያ ነው።»

ታመነ የሚኖረው በእማማ ኡሙሀኒ ግቢ ነው። የእማማ ኡሙሀኒ አንድ ልጅ አብዱሰመድ ከሽመላ ጋር ሰምጧል። ታመነ በ1936 የልጁን የተሰፋ ቆብ ይዞ መጣላቸው፤ የመጨረሻ ቃሉንም ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ የልጃቸው ክፍል የእርሱ ሆነ። እሱ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም ናቸው፤ ማንም ይህን አንስቶባቸው አያውቅም። ከተማው ጀግናው ታመነ ይለዋል፤ የማዘጋጃ ቤቱን ዘበኝነት ያገኘውም በዚሁ ስም ነው።

ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነው። እንግዳውን አስገብቶ በርጩማ አቀረበና «እማማን ይበርዳቸዋል» ብሎ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። በጓሮ መስኮት በኩል ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ይንጠባጠባል።

«ስለ አስናቀ አሁን ነው የሰማሁት» አለ ታመነ። «ደግ ሰው ነበር።»

«ዛሬ ሱቁ ሄደህ ነበር?»

«የለም። ከምንጭ ውኃ ቀድቼ ተመለስኩ፤ ከዚያ ቤት ነበርኩ።»

«ልጄ ከማለዳ ጀምሮ ሲሠራ ነው የዋለው» አሉ ኡሙሀኒ በኩራት፤ በእርጅና የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አቅጣጫ መልሰው። «ውኃ ቀዳ። ጋቢውንም ዛሬስ ራሱ አጠበው። ‹ስጠኝ እንጂ› ብለው አልሰጥም አለ።»

«ምንጩ ዳር አንሸራቶኝ ጭቃ ነክቶት ነው» አለ ታመነ።

ፈንታሁን መስኮቱን አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ። «ስለ ሽመላ የመጨረሻ ቀን ብትነግረኝ?»

ወጣቱ ወደ አሮጊቷ አየ። «አደራ ነው፤ የሟች ቃል ነው። ለማንም እንዳይነገር ብዬ እማማን አስምዬያቸዋለሁ።»

«ለመንግሥት ግን ይነገራል፣ ልጄ» አሉ ኡሙሀኒ። «ንገረው። እኔም ልስማው።»

ታመነ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ስንጠርግ አድረን ደክሞን ነበርና፣ እኔና አብዱሰመድ ታች ክፍላችን ገብተን ተኛን። ሌሎቹ ላይ ሆነው ይጠርጋሉ። ፈነዳ። ውኃው ሲገባ አብዱሰመድ ወደ ላይ ገፋኝ...»

«‹ሂድ፣ አንተ ውጣ› ብሎ» አሉ ኡሙሀኒ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«‹አንተ ውጣ። ለእናቴ ቆቤን ስጥልኝ፤ አልፈራሁም በላት።›»

«‹አልፈራሁም በላት›» አሉ አሮጊቷ ከእርሱ ጋር፤ እንደ ዱዓ።

ፈንታሁን ተነሥቶ በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ አመስግኖ ወጣ። በሩን ታመነ ከኋላው በቀስታ ዘጋው።

ቀትር ላይ ብቻውን ወደ አስናቀ ሱቅ ተመለሰ። ሬሳው ተነስቷል። ፈንታሁን በተከፈተው በር ገብቶ መሐል ቆመና ያ ሰው ያደረገውን በሐሳቡ ደገመው፤ አሞሌውን ማንሳት፣ መምታት፣ ገጹን መቅደድ፣ ደብዳቤውን መውሰድ፣ መውጣት፣ መዝጋት። የቀረው መዝጋት ነበር። እጁን ዘርግቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ክፍሉ ጨለም አለ። የበሩ ሳንቃ ሲገለጥ፣ እስካሁን ተሸፍኖ በነበረው ግድግዳ ላይ፣ በሚስማር የተንጠለጠለች ትንሽ የኪስ ደብተር ታየች።

ሊወስዳት አልቸኮለም። ስሟን ብቻ አነበበና የትምወርቅን አስጠራ።

«ይህች ‹የደረሰ መልእክት› የምትለው ምንድን ናት?»

«እንዴ! እስዋማ ልማዱ ናት። መርከቧ ላይ ሥራው በባንዲራ መልእክት መቀበል ነበር። የደረሰ መልእክት ሁሉ በሌላ ደብተር ከነሰዓቱ መገልበጥ አለበት ይላል፤ ዋናው ውኃ ቢበላው። እዚህም ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር ቃል በቃል ይገለብጣል። ‹የት ነው የምታኖራት?› ስለው ‹ከበሩ ጀርባ፤ ማንም አይዘጋው› ይል ነበር።»

ፈንታሁን የመጨረሻዎቹን ገጾች ቆሞ አነበበ። አንብቦም ደብተሯን እዚያው ሚስማሯ ላይ መልሶ ሰቀላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሱቋ ውስጥ ተፋፍገው ተቀመጡ። ሻለቃው ወንበሩን ይዘዋል፤ መንገደኛ መኪና እንደሚያመልጠው ሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። የትምወርቅ ከጥግ ናት። ጀላሉ በካቴና፣ ሐቢብ በላብ፣ ታመነ እማማ ኡሙሀኒን በክንዱ ደግፎ።

«እኛ ሰው ይዘናል፣ መቶ አለቃ» አሉ ሻለቃው። «ይህ ሁሉ ጉባኤ ለምንድን ነው?»

«ለአጭር ጊዜ ነው፣ ጌታዬ። ሐድጉ፣ ብርድ ገባብን። ውጣና በሩን ዝጋው።»

በሩ ተዘጋ። የመሸጎሪያው ብረት ከውጭ ቀጭ አለ።

ከዚያ ሐቢብ አንገትጌውን ፈታ፤ ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። «መቶ አለቃ፣ ቀልድህ ደስ አይልም» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። ጀላሉ ከወዲሁ በሩ ሥር ደርሷል፤ የታሰሩ እጆቹን ሳንቃው ላይ ጭኖ ያለ ድምፅ ይገፋል። ታመነ ግን እማማን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ኮቱን ሰብሰብ አደረገ።

«እሰይ፣ ነፋሱ ቀረ» አለ።

«ክፈተው፣ ሐድጉ!» አለ ፈንታሁን። በሩ ወለል ሲል ሁለቱ ሰዎች ከውኃ እንደወጣ ሰው ተነፈሱ። «ግድግዳው ድረስ ወለል አድርገህ ያዘው። ሻለቃ፣ ምን አዩ?»

«ሁለት ሰዎች ጨለማ ሲፈሩ አየሁ።»

«ጨለማ አይደለም። በፈንጂ መርከብ ላይ የተዘጋ በር መቃብር ነው። የሽመላ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት በር አለመዝጋት ነው። አስናቀ ሦስት ዓመት ከውሻ ጋር የኖረው ለዚህ ነው። ጀላሉ ታስሮ እንኳ የለመነኝ ነፃነት ሳይሆን የተከፈተ በር ነው። ዛሬ ማለዳ ግን ከዚህ ክፍል የወጣው ሰው፣ ሬሳውን ትቶ ሲሄድ፣ በሩን ዘግቶ ሸጎረው።»

«ነፍሰ ገዳይ በር ይዘጋል፤ ምን ያስደንቃል?» አሉ ሻለቃው። «በር ስለዘጋ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«በዚህ ብቻ አይታሰርም። እኔም ከሱቁ ስወጣ እንዲያ ነበር ያሰብኩት። ግን ልማድ ከፍርሃት ይቀድማል። ጀላሉ ገድሎ ቢሆን ይሮጥ ነበር፤ በሩም አፉን ከፍቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬ ተለወጠ። ‹ከሽመላ ሰዎች ማን ገደለው?› ማለቴን ትቼ፣ ‹ከሽመላ ሰዎች መካከል የሽመላ ሰው ያልሆነው ማን ነው?› አልኩ።»

የማንም ዓይን አልተንቀሳቀሰም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የቆመ መሰለ።

«ታመነ፣ ቤትህ ስገባ በሩን ዘጋህ። ለእማማ ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ ስለ መጨረሻዋ ቀን ነገርከኝ። አቶ ሐቢብ፣ ሽመላ ስትጠርግ ከእሳት ክፍሉ ሰዎች ሌላ ታች ክፍል ገብቶ የሚተኛ ነበር?»

«ማንም!» አለ ሐቢብ። «ማነው እንዲያ ያለው?»

«እሱና አብዱሰመድ ታች ተኝተው ነበር አለኝ።»

«አብዱሰመድ?» አለ ጀላሉ በዝግታ። «አብዱሰመድ በዝናብም ላይ ነበር የሚተኛው። ታች ሲወርድ አይቼው አላውቅም።»

ታመነ ከንፈሩን አረጠበ። «ሦስት ዓመት ያለፈ ነገር ነው። ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ጋቢህንስ? ሁልጊዜ እማማ የሚያጥቡልህን ጋቢ ዛሬ ብቻ ራስህ አጠብክ። ጭቃ ነው አልከኝ። ከቤትህ ስወጣ በምንጩ በኩል ሄድኩ፤ ዝናብ ከጣለ ሦስት ወር ሆኖታል፣ ዳሩ አለት ነው።» ፈንታሁን ድምፁን አላነሳም። «ጭቃ ሳይሆን ጨውና ደም ነበር። አስናቀ ቅዳሜ ደብዳቤ ደረሰው። አንተን ትናንት ጠርቶ፣ ‹እሑድ ከማንበቤ በፊት አንተው ለእማማ ንገራቸው› አለህ። ዛሬ ማለዳ ጀላሉ ሲወጣ ገባህ። ለመንክ፤ እምቢ አለ፤ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አንተም የበሩን አሞሌ አነሳህ።»

«ደብዳቤ፣ ደብዳቤ ትላለህ!» አለ ታመነ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «የታል ደብዳቤው?»

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ። ሐድጉ፣ አሁን ዝጋው።»

በሩ ሲዘጋ ፈንታሁን ወደተገለጠው ግድግዳ ጠቆመ። ታመነ ደብተሯን አየ። ለመንካት የፈለገ ይመስል እጁ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ።

«በሩን ከውጭ የዘጋ ሰው ከጀርባው ያለውን አያይም» አለ ፈንታሁን። «እስካሁን እዚያው ነበረች። የትምወርቅ፣ የማን እጅ ነው?»

«የባሌ» አለች።

ደብተሯን አውርዶ በሩን በራሱ እጅ ከፈተና በብርሃኑ አነበበ። «‹ታኅሣሥ 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20፤ በፖስታ መኪና ከምጽዋ ወደብ ጽሕፈት ቤት የደረሰ። ኅዳር 12 ቀን 1935 ሽመላ ላይ ሃያ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው ከዚህ በታች ነው። ታመነ የሚባል በዚያ ቀንም ሆነ ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚህ ስም የሚታወቀው ወደቡ ላይ ድንጋይ ከሰል ያራግፍ የነበረ የቀን ሠራተኛ ነው።›»

እማማ ኡሙሀኒ ክንዳቸውን ከታመነ እጅ ቀስ ብለው አወጡ።

«ቆቡ እውነት ነው» አለ ታመነ። ዓይኑ እሳቸው ላይ ብቻ ነው። «እማማ፣ ቆቡ እውነት ነው። ጓደኛዬ ነበር። ከሰል ሲጭኑ ዳቦ ያካፍለኝ ነበር። ቆቡን እኔ ዘንድ ረስቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሰጥቼዎት ልሄድ ነበር የመጣሁት። በር ላይ ይዘውኝ ‹አብረኸው ነበርክ?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኩ። አንዲት ቃል ናት። እንደዚያ ሲያዩኝ... ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሳት? አስናቀ ‹ንገራቸው፤ ይቅር ይሉሃል› አለኝ። ይቅር ቢሉኝ እንኳ ልጅ መሆኔ ይቀር ነበር።»

ሐድጉ የጀላሉን ካቴና ፈታ፤ ያው ብረት ወደ ታመነ እጅ ተሻገረ። ሻለቃው ሰዓታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

አሮጊቷ ግን እጃቸውን ወደ ፈንታሁን ዘረጉ። «ጌታዬ፣ አንተ አንብበሃል። ‹አልፈራሁም› አላለም ማለት ነው? እንግዲህ ልጄ ምን ብሎ ሞተ?»

ፈንታሁን የደብተሯን ገጽ ገለጠ። ይህን ቦታ ቀትር ላይ ሁለት ጊዜ አንብቦት ነበር፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ ነው ያነበበው።

«‹በሕይወት የተረፉት ስድስቱ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ በመርከቧ ፊት ለጥበቃ ቆሞ የነበረው አብዱሰመድ ነው። ፈንጂውን መጀመሪያ ያየው እርሱ ነው። መሸሽ ይችል ነበር፤ ቆሞ ‹በቀኝ! በቀኝ!› እያለ ጮኸ። ኋላ የነበሩት ስድስት ሰዎች የዳኑት በዚያ ድምፅ ነው።›» ፈንታሁን ደብተሯን ዘጋ። «አስናቀ ለእሑድ የጻፈው ገጽ ይህ ነበር፣ እማማ። የተቀደደው ይህ ነው።»

«በቀኝ» አሉ ኡሙሀኒ። ቃሉን በአፋቸው ውስጥ አገላበጡት፤ እንግዳ ነበር፣ ከለመዱት ያነሰ ነበር። «በቀኝ። ጮክ ብሎ?»

«ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ እማማ» አለ ሐቢብ። «እኔ አውቀዋለሁ ያንን ድምፅ። አልሐምዱ ሲል እንኳ ዓሣው ይበረግግ ነበር።»

ኡሙሀኒ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። የትምወርቅ ከጥግ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ ፈንታሁን ጣቢያው ውስጥ ወረቀቱን ጻፈ፤ ግን በሌላ ሰው ስም። ጀላሉ የመፈቻውን ደብዳቤ በጣቱ ፈርሞ ገና አልሄደም። ደፉ ላይ ቆሞ የመቶ አለቃውን ካፖርት ያያል።

«እስቲ ወዲህ በላት፣ ጌታዬ። ከጠዋት ጀምሮ ያቺ መርፌ ደረትህ ላይ ስትወዛወዝ እያየሁ ሆዴን ትወጋኛለች።»

«ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ቋጠሮው አይይዝልኝም።»

«የደጋ ቋጠሮ ነዋ።» ጀላሉ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። በጨው የተሰነጣጠቀ ጣቱ ክሩን አዙሮ፣ በራሱ ሥር አሳልፎ፣ ደግሞ አዙሮ አጠበቀው። «ይህን አስናቀ ነው ያስተማረኝ። የባንዲራ ገመድ የሚታሰርበት ነው። ማዕበልም አይፈታው።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቁልፏን ጎተት አድርጎ ሞከራት። አልተንቀሳቀሰችም። ተሰናብቶ ወጣ፤ በሩንም እንደተከፈተ ተወው።

ፈንታሁን ነፋሱ እየገባ ወረቀቶቹን ሲያነሳቸው አየ። በሩን ለመዝጋት ተነሥቶ ነበር፤ ሐሳቡን ለወጠ። መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ መለሰ፤ ካፖርቱንም ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።